«ዛሬ ተማሪዎች ናቸው የሚያዩት» ሲባል አትመለሱ

ካርድ ክፍል ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው ካርዱን ያወጣል፣ ወረፋ ይይዛል፣ «ዛሬ ተማሪዎች አሉ» ሲባል ደግሞ ካርዱን አጥፎ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል። የሕክምና ተማሪ ይለማመድብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን እኔ እዚህ ጤና ጣቢያ ያገኘሁት አገልግሎት፣ ተማሪዎቹ ባሉበት ቀን፣ ከሌሉበት ቀን የተሻለ ነው። ይህን የምጽፈውም ካርዳቸውን አጥፈው ለሚመለሱት ሰዎች ነው።

የማወራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ስለማይርቅ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጽፍም። እዚያ ተማሪዎቹን የሚከታተሉት ዶክተሯ የእሳቸውም ሆነ የቦታው ስም እንዳይነሳ ጠይቀውኛል፣ ቃላቸውን አከብራለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ክትትሏም እዚያው ነው። ስለዚህ ደጁ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። የእህቴን ልጅም፣ የጎረቤት ልጅም ይዤ ሄጃለሁ። በሥራ ዘመኔ ተማሪዎች ሲሠለጥኑ ስላየሁ ጥሩ የሚከታተል ሐኪምና ለስሙ ብቻ የሚከታተል ሐኪም ምን እንደሚለያቸው አውቃለሁ።

ተማሪዎቹ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ጀማሪ አይደሉም። የክፍሉን ትምህርት ጨርሰዋል፣ ሆስፒታል ውስጥም የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናትና የማሕፀን ክፍሎችን ዞረዋል። ትንሽ ቆይተው ጠቅላላ ሐኪም ተብለው ይመረቃሉ፣ ከዚያ ራቅ ያለ ወረዳ ላይ ተመድበው የሚጠይቁት ሰው አጠገባቸው ላይኖር ይችላል። እዚህ የሚመጡት ለጥቂት ሳምንታት ነው። በአንዲት ጠቅላላ ሐኪም ሥር ሆነው ተመላላሽ ክፍል ውስጥ በሽተኛ ያያሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርድ ታወጣላችሁ፣ የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን ታሳያላችሁ። ልየታ ላይ ሙቀትና ግፊት ይለካል። ከዚያ ነርሷ መጥታ «ዛሬ መጀመሪያ የሚያይዎት ተማሪ ነው፣ ቀጥሎ ዶክተሯ ራሳቸው ያዩዎታል፣ ካልፈለጉ ዶክተሯ ብቻ እንዲያዩዎት እናደርጋለን፣ ይፈቅዳሉ?» ትላለች። ይህ ጥያቄ መጠየቁን በጣም ነው የወደድኩት። ብዙ ቦታ ማንም አይጠይቅም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ይገባና «ምንድነው የሚያምዎት?» ብሎ ይጀምራል፣ ማን ይሁን ማን አታውቁም። እዚህ ግን ተማሪው ሲገባ ስሙን ይናገራል፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆኑን ይናገራል፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ በሽተኛው ጠጋ አድርጎ ይቀመጣል። ጊዜ አለው። ዶክተር ብቻውን በሚሠራበት ቀን ውጭ ያለውን ሰልፍ እያሰበ ነው የሚያዳምጣችሁ። ለተማሪው ግን በዚያ ሰዓት ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ይህ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ በእናቴ ላይ አየሁት።

እናቴን ሳል ይዟት ነበር። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለውም፣ ሌሊት ይብሳል። ሌላ ቦታ ሄደን አሞክሲሲሊን ተሰጣት፣ አልተወም። ሌላ ጸረ-ተዋሲያን ተጨመረ፣ አሁንም አልተወም። ዳማከሴውም፣ ዝንጅብሉም፣ ማሩም ተሞከረ። በክትትሏ ቀን ግፊቷን ልታስለካ ስንሄድ ያያት ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ልጅ ነበር። ስለ ሳሉ ነገረችው። መቼ ጀመረሽ አላለም፣ «እማማ፣ ይህ ሳል ከመጀመሩ በፊት አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?» ነው ያላት። ከዚያ ከቤት ያመጣችውን ፌስታል ተቀብሎ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒቷ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። መቼ እንደጀመረችው ጠየቀ፣ ሳሉ መቼ እንደመጣ ጠየቀ፣ ሁለቱን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ዶክተሯ ሲገቡ ልጁ ታሪኩን እናቴ ፊት አቀረበ። በአማርኛ ነው ያቀረበው። ይህ የቤቱ ደንብ ነው፤ ዶክተሯ በሽተኛ ፊት በእንግሊዝኛ እንዲወራ አይፈቅዱም፣ የግድ ሲሆን እንኳ ወዲያው ይተረጎማል። ልጁ ጨርሶ «ሳሉ ከግፊት መድኃኒቱ ይመስለኛል፣ ይቀየር» አለ። ዶክተሯ አልተቆጡም፣ አላደነቁምም። «ለምን መሰለህ?» አሉ። አስረዳ። «እሺ፣ ተሳስተህ ቢሆንስ? ምን ታጣለህ?» አሉ። ልጁ ዝም አለ። እሳቸውም ዝም ብለው ጠበቁት። እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ብዙ ሐኪም አይታገሠውም፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ልጁ ቀስ ብሎ «ሳምባ ነቀርሳ» አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በኛ አገር ሳይመረመር አይታለፍም፣ ይህን ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቀዋል፣ ግን ጥሩ ሐሳብ ሲመጣልህ ሌላውን ትረሳለህ። ክብደት ቀንሰው እንደሆነ፣ ሌሊት ያልባቸው እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል እንዳለ ጠየቃት። አክታ እንድትሰጥ ተደረገ፣ እንደምንም አወጣች፣ ወደ ላብራቶሪ ሄደ። ኢናላፕሪሉ ያን ዕለት ቆሞ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በአምሎዲፒን ተተካ። «ሳሉ ዛሬ ነገ አይቆምም እማማ፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሡት፣ እግርዎ ካበጠ ደግሞ ይምጡና ይንገሩን» ተባለች።

የአክታው ውጤት ነጻ ሆነ። ሳሉም ቀስ በቀስ ሄደ። አሁን እናቴ ሌሊት ትተኛለች፣ እኛም እንተኛለን።

ይህን ዘርዝሬ የጻፍኩት ተማሪው ጎበዝ ነበር ለማለት ብቻ አይደለም። ጎበዝ ነው፣ አዎ። ግን እሱ ብቻውን ቢሆን የአክታ ምርመራው ይዘለል ነበር። ዶክተሯ ብቻቸውን ቢሆኑ ደግሞ፣ በዚያ ሰልፍ መሐል፣ ፌስታሉን የሚፈታ ሰው አይኖርም ነበር። ውጤቱ የመጣው ከሁለቱ ነው። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ስትመርጡ ተማሪ አለ ወይስ የለም ብላችሁ አትጠይቁ የምለው። የሚያስተምረው ሐኪም ክፍሉ ውስጥ ይገባል ወይ? ራሱስ ይመረምራል? ይህን ነው ማየት ያለባችሁ።

እዚህ ዶክተሯ ይገባሉ። እሳቸው ባሉበት ቀን ሁልጊዜ። ተማሪው ምንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን ዶክተሯ ሳያዩት የሚወጣ በሽተኛ የለም፣ ማዘዣውም ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ተማሪው ሳምባ አዳምጦ «ንጹሕ ነው» ካለ እሳቸውም ማዳመጫቸውን ያደርጋሉ። የሰሙት ነገር ከተለየ ተማሪውን ይጠሩና «እዚህ ጋ አድርግና እንደገና ስማ» ይሉታል፣ በሽተኛውንም ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ «ትንሽ እናስቸግርዎ» ብለው።

ስለ ግፊት አለካክ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ትንሽ ነገር የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ከባጃጅ ወርዳ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ ገና እያለከለከች ገብታ ነበር። ሌላ ቀን ነው ይሄ፣ ሌላ ተማሪ ናት። ልጅቷ ጨርቁን በቀሚሷ እጅጌ ላይ ጠቅልላ ለካች፣ የላይኛው ቁጥር 170 አለፈ። ልጅቷ ደነገጠች፣ መድኃኒት ልትጨምር አሰበች። ዶክተሯ ገብተው ቁጥሩን አዩና ምንም ሳይሉ እናቴን ጀርባዋን ወንበሩ ላይ እንድታስደግፍ አደረጉ፣ እግሯ መሬት እንዲረግጥ፣ እግር በእግር ላይ እንዳታደርግ። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትይዩ አስቀመጡ። «አሁን አምስት ደቂቃ ማንም አያውራ፣ እማማም አያውሩ» አሉ። ስንቱ ሐኪም ነው አምስት ደቂቃ ዝም የሚለው? ከዚያ ተማሪዋ ራሷ እጅጌውን ሰብስባ ደግማ ለካች፣ 148 ሆነ። ያም ቢሆን ከ140 በላይ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ግን መድኃኒት በአንዴ የሚጨመርበት አይደለም። ቡና ጠጥታ እንደመጣች ተጠየቀች። ጠጥታ ነበር፣ አቦል ላይ። ሌላ ቀን ሳትጠጣ እንድትመጣ ቀጠሮ ተሰጣት። ዶክተሯ ለልጅቷ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በተሳሳተ ቁጥር ላይ መድኃኒት ጨምረሽ ቤታቸው ሲወድቁ፣ የወደቁት ባንቺ ነው»። ከበድ ያለ ነው፣ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ልጅቷም ፊቷ አልቀላም፣ አንገቷን ነቅንቃ ጻፈችው።

የእህቴን ልጅ የወሰድኩ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ያስለዋል፣ ትኩሳት አለው፣ ያለቅሳል። ተማሪው እያለቀሰ ትንፋሹን ቆጠረ፣ 48 አለ። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፣ ሳምባ ምች ተብሎ መድኃኒት ይጀመራል። ዶክተሯ «ሕፃኑ እያለቀሰ የቆጠርከው ቁጥር ቁጥር አይደለም» አሉት። እህቴ አጠባችው፣ ጸጥ አለ፣ እንቅልፍ ጫጫታውን አስረሳው። ተማሪው ተንበርክኮ የሕፃኑን ልብስ ገልጦ ሆዱን እያየ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረ። ግማሽ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። 34 ሆነ። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ እንደማይገባ አዩ፣ ጆሮውን አዩ፣ ጉሮሮውን አዩ። ጉንፋን ነው። ጸረ-ተዋሲያን አልታዘዘም፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ። እህቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፣ መርፌ ወይ ሽሮፕ ሳይዙ ከጤና ጣቢያ መውጣት ለኛ ሰው ከባድ ነው። ግን ተማሪው ቁጭ ብሎ አስረዳት፤ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን አምጪው። ከዚያ «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ መቼ ነው የሚያመጡት?» ብሎ መልሶ አስደገማት። ይህን ያስተማሯቸው ዶክተሯ ናቸው፣ ሁሉም ተማሪዎች ያደርጉታል። አንድ ምልክት ረስታ ነበር፣ እሷኑ ደገመላት።

የሐይቅ ዳር ነገር ደግሞ ለብቻው ይነሳል። ጣና ዳር የሚኖር ሰው በሽታ አዲስ አበባ ከሚኖር ሰው በሽታ ጋር አንድ አይደለም። ዶክተሯ ተማሪዎቹን ከሁሉ በፊት የሚያስጠይቋቸው ሥራህ ምንድነው፣ የት ትኖራለህ፣ ውሃ ትገባለህ የሚለውን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሆዱን ያመዋል፣ አንዳንዴ ሰገራው ላይ ደም ያያል። ክረምት ከበጋ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ የሚውል ልጅ ነው። ተማሪው አሜባ ብሎ ሊያልፍ ሲል «ልጁ የት ነው የሚውለው?» ተባለ። ሰገራው ታየ፣ የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘ። በክብደቱ ልክ ፕራዚኳንቴል ተሰጠው። ዶክተሯ ለአባትየው ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል እንደሚገባ፣ ስለዚህ ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ብቻውን እንደማያድን አስረዷቸው። አባትየው ዓሣ አስጋሪ ናቸው፣ ታንኳ ላይ ነው የሚውሉት። «እኔስ?» አሉ። እሳቸውም እንዲመረመሩ ተደረገ። አንድ በሽተኛ ይዘን ሄደን ሁለት ሰው ታየ ማለት ነው።

ወባን በተመለከተ ብዙ አልልም። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትኩሳት ያለው ሁሉ ደም ይሰጣል፣ ሳይመረመር መድኃኒት አይሰጥም። የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ነው ቫይቫክስ ነው ተብሎ ይለያል፣ ሕክምናቸው የተለያየ ነውና። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ለእሱ የሚሰጠውን ፕሪማኪን ሰው በሦስተኛው ቀን ተሽሎኛል ብሎ እንዳይተወው ተማሪዎቹ ደግመው ደጋግመው ይናገራሉ።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ የታይፎይድ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል የወጣ ሰው ማን ነው? ያ ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል የደም ምርመራ ድሮ የያዘን በሽታ፣ ወይም ሌላ ትኩሳት፣ «አለ» ሊያስብል ይችላል። አንዴ ብቻ ተሠርቶ እምነት የሚጣልበት አይደለም። እዚህ ተማሪ ምርመራ ለማዘዝ ወረቀት ሲያነሳ ዶክተሯ «ውጤቱ አለ ቢልህ ምን ታደርጋለህ? የለም ቢልህስ?» ይሉታል። ሁለቱም መልስ አንድ ከሆነ ምርመራው አይታዘዝም። ለኪሳችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ለተማሪው ደግሞ ነገ ላብራቶሪው ሁለት ነገር ብቻ የሚሠራበት ቦታ ሲመደብ በእጁና በጆሮው እንዲያምን ያደርገዋል።

አሁን ስለ ሌላው ዓይነት ቦታ ላውራ። ከዚህ በፊት እናቴን የወሰድኩበት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ነበር። እዚያም ተማሪዎች ነበሩ። ሐኪሙ ግን አልነበረም። ሻይ ቤት ነበር፣ ወይም ስብሰባ ነበር፣ ወይም የግል ሥራው ጋ ነበር፣ አላውቅም። አንድ ተማሪ አራት አምስት ሰው አይቶ ካርዶቹን ሰብስቦ ይሄዳል፣ ተፈርሞ ይመለሳል። ሐኪሙ እናቴን በዓይኑ አላያትም። ከሳሉ በፊት የነበረው ያ ኢናላፕሪልም የተጀመረው በዚያ መንገድ ነው፣ ሳል ሊያመጣ እንደሚችል የነገረን የለም። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም። በተማሪዋም አልፈርድም፣ ልጅቷ ጭንቀቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፣ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ማለት ሊያውቅ የደረሰ ሰው ነው፣ ለዚህም ነው ብቻውን መተዉ ቀላል የሚሆነው፣ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ሊጨርስ ትንሽ የቀረው ግን ለመጠየቅ ያፍራል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ሐኪም ዋና ሥራው ያንን እፍረት ማንሳት ነው፤ ዶክተሯም ተማሪ «አላውቅም» ሲላቸው «ጥሩ፣ የት እናገኘዋለን?» ብለው ስልካቸውን ወይም ከኪሳቸው የማይጠፋውን የሕክምና መመሪያ ያወጣሉ። እሳቸውም ሲያጡ «እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ እንጠይቅ» ብለው ሆስፒታል ላለ ባልደረባ ይደውላሉ፣ እኛው ፊት። እናቴ ይህን አይታ አልተጠራጠረቻቸውም፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው ልቧን የሰጠቻቸው።

ጉድለቱን ካልጻፍኩ አስተያየት አይሆንም።

ጊዜ ይፈጃል። ይህ እውነት ነው። ተማሪ ያያል፣ ዶክተሯ ይደግማሉ፣ ይወያያሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ ስድስት ሰዓት የሚወጣ ሰው አለ። የቀን ሥራ ላለው ሰው፣ ከዘጌ በጀልባ ለሚመጣና መመለሻው ለሚያሳስበው ሰው፣ ይህ ከባድ ነው። መድኃኒት ለመቀበል ብቻ የመጣው ለብቻው ቢስተናገድ ግማሹ ሰልፍ ይቀንሳል። ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፣ እስካሁን አልተደረገም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ተማሪ አንድ ላይ ይገባል። በጉንፋን የመጣ ሰው ምንም አይመስለው ይሆናል። በማሕፀን ችግር የመጣች ሴት ግን ሦስት ወጣት ፊት ምን ትናገራለች? ዶክተሯ ሲያዩ ሁለቱን ያስወጣሉ፣ ለአካል ምርመራም ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም ያደርጋሉ። ግን እሳቸው እስኪገቡ ድረስ ሴትየዋ የግማሽ ታሪኳን ውጣለች። ይህን ካርድ ክፍል ላይ ከመጀመሪያው መለየት ይቻላል። መጋረጃውም ይታጠብ፣ በትክክልም ይዘጋ።

ሌላው ስብሰባ ነው። ዶክተሯ በየጊዜው ለስብሰባ ወይም ለዘመቻ ሥራ ይጠራሉ። በዚያ ቀን የሚተኩት ጤና መኮንን ጥሩ ባለሙያ ናቸው፣ ግን የራሳቸው ሰልፍ አላቸው፣ ተማሪዎቹን የሚከታተሉት በሩጫ ነው። ተማሪ የሚመድበው ክፍልና ሐኪም ለስብሰባ የሚጠራው ክፍል ይነጋገሩ። የሚያስተምሩ ሐኪም በዚያ ሰዓት አይጠሩ። ቀላል ነገር ነው የምጠይቀው።

መድኃኒትም ይጠፋል። አምሎዲፒኑ ካንዴም ሁለቴ ጠፍቶብን ከውጭ ገዝተናል። ይህ የዶክተሯ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ለሚሄድ ሰው ማወቁ ይጠቅመዋል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ሲኖር ደህና ነው፣ ሳይኖር ደህና አይደለም።

ተማሪዎቹም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ። እናቴ አንዱን ልጅ ስትለምድ ሌላ ይመጣል፣ ታሪኳን እንደ አዲስ ትናገራለች። ለዚህ ዶክተሯ መላ አበጅተዋል። የሚሄደው ተማሪ ለሚመጣው በካርዱ ላይ ግልጽ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ሳሉ ከምን እንደመጣ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳይደገም፣ ቡና እንደምትወድ ሳይቀር። በእጅ የተጻፈ፣ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ባለፈው የመጣች ተማሪ ገና ስትቀመጥ «እማማ፣ ዛሬ ሳይጠጡ ነው የመጡት አይደል?» አለቻት። እናቴ ሳቀች።

የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። ጥሩ ጠቅላላ ሐኪም መሆንና ጥሩ አስተማሪ መሆን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከተማችን የሕክምና ትምህርት ያለባት ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ። ሆስፒታል ውስጥ ተማሪው የሚያየው ተጣርቶ፣ ሪፈር ተጽፎለት፣ በሽታው ጎልቶ የመጣን ሰው ነው። ጤና ጣቢያ የሚመጣው ግን ገና ያልለየለት ነው። ትኩሳት ነው፣ ሳል ነው፣ «ሆዴን» ነው፣ «ድካም ድካም ይለኛል» ነው። ከመቶው ውስጥ አደገኛውን አንድ መለየት የሚማሩት እዚህ ነው፣ ያንን ደግሞ ከጎን የሚቆም ሰው ከሌለ ማንም አይማረውም። ስለዚህ እንዲህ የሚሠሩ ሐኪሞችን ተማሪ ሲሰጧቸው ጊዜም ይስጧቸው። በዚያ ቀን የሚያዩት የሰው ቁጥር ይቀነስላቸው፣ ሁለተኛ ክፍልም ይጨመርላቸው።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት በወረፋውና በጠባቡ ክፍል ነው። ለክትትሉ ብቻ ቢሆን አምስት ነበር።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የባህሉንም ጨምራችሁ ንገሯቸው፣ ማንም አይቆጣችሁም። ግፊት የምትለኩ ከሆነ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡናውን ተዉት። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ከሰዓት ተማሪዎቹ የራሳቸው ውይይት ስላላቸው ብዙ ሰው አይታይም። ተማሪ እንዲያያችሁ ካልፈለጋችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ መብታችሁ ነው፣ አገልግሎቱ አይቀርባችሁም። የትም ሌላ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ደግሞ ተማሪው እንደጨረሰ «ተቆጣጣሪው ሐኪም መቼ ነው የሚያዩኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አያዩዎትም፣ ይፈርማሉ» ካሏችሁ ከመቀመጫችሁ አትነሱ፣ እንዲጠሩላችሁ ጠይቁ።